ማደንዘዣው ለምን አልያዘም? ለአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ቦርድ ቤዚክ ሳይንስን ማጥናት

አንድ ታካሚ አለ። የታችኛው መንጋጋ ጥርሱ ሥሩ ላይ መግል ቋጥሯል። ጉንጩ አብጧል። ሌሊቱን በሙሉ አልተኛም። ሊዶካይን የሚባለውን ማደንዘዣ ወጋችሁት። ጥቂት ደቂቃ ጠበቃችሁ። ጥርሱን ነካ ስታደርጉት ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ። «ዶክተር፣ ምንም አልደነዘዘኝም እኮ!»

ጥርስ ሕክምና ውስጥ የሠራ ሰው ሁሉ ይህን አይቷል። ክሊኒክ ውስጥ የምናደርገውን እናውቃለን። እንጨምራለን። ቦታ እንቀይራለን። አንዳንዴም መድኃኒት ሰጥተን ለሌላ ቀን እንቀጥራለን። የቦርድ ፈተናው ግን «ለምን?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ያለው መጀመሪያዎቹ ዓመታት ላይ ተምረነው፣ ፈተናውን ካለፍን በኋላ በረሳነው ኬሚስትሪ ውስጥ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሊዶካይን ሰውነት ውስጥ ሲገባ በሁለት መልክ ይገኛል። አንደኛው ቻርጅ የሌለው ነው፤ ሁለተኛው ቻርጅ ያለው። የነርቭ ሽፋን ቅባታማ ስለሆነ በቀላሉ የሚያሳልፈው ቻርጅ የሌለውን ነው። ይሄኛው ሾልኮ ከገባ በኋላ ውስጥ ቻርጅ ይይዛል። ከዚያ የሶዲየም በሮችን ከውስጥ በኩል ይዘጋል። በሩ ሲዘጋ የሕመሙ መልእክት መሄጃ ያጣል።

እንግዲህ ዋናው ጉዳይ፣ ከመድኃኒቱ ስንት እጁ ቻርጅ አልባ ሆኖ ይቀራል የሚለው ነው። ፒኤች የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል። የሊዶካይን ፒኬኤ፣ ማለትም መድኃኒቱ በሁለቱም መልክ እኩል የሚገኝበት ፒኤች፣ 7.9 አካባቢ ነው። የጤናማ ሥጋ ፒኤች 7.4 ነው። በዚህ ሒሳብ ከመድኃኒቱ ሩብ ያህሉ ለመግባት ዝግጁ ነው። መግል የያዘ ቦታ ግን አሲድ ይበዛበታል። ፒኤቹ ወደ 6 ከወረደ፣ ያ ሩብ ወደ አንድ በመቶ ገደማ ይወርዳል። በዚያ ላይ የተቆጣው ቦታ ደም ስለሚበዛበት መድኃኒቱ ቶሎ ይታጠባል። ነርቩም በብግነቱ የተነሳ ከወትሮው በቀላሉ ይቀሰቀሳል። ከመግሉ ራቅ ብሎ ነርቩን ወደ መነሻው መውጋት የተሻለ የሚሠራው ለዚህ ነው።

አንድ ታካሚ፣ አንድ መርፌ። ውስጡ ግን ኬሚስትሪ አለ፣ ፊዚዮሎጂ አለ፣ ፓቶሎጂ፣ ፋርማኮሎጂና አናቶሚም አለ። አሁን ያለው የአሜሪካ ፈተና የሚጠይቀው እንዲህ አድርጎ ነው። ባዮኬሚስትሪን ለብቻ፣ ማይክሮባዮሎጂን ለብቻ ቁጭ ብሎ መሸምደድ ብዙ ሰው የሚያደክመውና ውጤቱ የሚያንሰው ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ከታካሚው ጥርስ ተነስቶ ወደ ሞለኪዩሉ መውረድ ይሻላል።

መጀመሪያ ስለ ፈተናው ራሱ። ስሙ አይኤንቢዲኢ ነው፤ የተቀናጀ ብሔራዊ የጥርስ ሕክምና ቦርድ ፈተና እንደማለት። ከእሱ በፊት የነበረው ቦርድ ሁለት ክፍል ነበረው። ክፍል አንድ ቤዚክ ሳይንስ ብቻ ነበር። 400 ጥያቄ ነበረው፦ አናቶሚ፣ ባዮኬሚስትሪና ፊዚዮሎጂ፣ ማይክሮባዮሎጂና ፓቶሎጂ፣ የጥርስ አናቶሚና አገጣጠም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2020 አዲሱ ፈተና ጀመረ። ክፍል አንድ በዚያው ዓመት መጨረሻ ቀረ። ክፍል ሁለትም በ2022 ተከተለው።

ይህን የምለው ታሪክ ለማውራት አይደለም። ከቀደሙን ሰዎች የወረስናቸው ኖቶች አብዛኞቹ ለድሮው ክፍል አንድ የተዘጋጁ ናቸው። ይዘታቸው አልተበላሸም። የጡንቻ ስም ያው ነው፣ የክሬብስ ሳይክልም ያው ነው። የተለወጠው አጠያየቁ ነው። ድሮ «ይህን ኢንዛይም የሚያግደው የቱ ነው?» ይባል ነበር። አሁን ዕድሜዋ፣ በሽታዋና የምትወስደው መድኃኒት የተዘረዘረ ሴት ትመጣለች። ኢንዛይሙን ማስታወስ የእናንተ ሥራ ነው።

አዲሱ ፈተና 500 ጥያቄ አለው። በሁለት ቀን ይወሰዳል። በመጀመሪያው ቀን 360፣ በሁለተኛው 140። የመጀመሪያው ቀን ሦስት መቶ ጥያቄዎች በሦስት ይከፈላሉ። ለእያንዳንዱ መቶ ጥያቄ 105 ደቂቃ ይሰጣል፤ ለአንዱ ጥያቄ 63 ሰከንድ ማለት ነው። የቀሩት በታካሚ ታሪክ ላይ የተመሠረቱ ናቸው፤ ለእነሱ ጊዜው ትንሽ ይሰፋል። ጥያቄዎቹ ከ10 የመሠረት ዕውቀት ዘርፎችና ከ56 የክሊኒክ ሥራ ዓይነቶች ጋር ተያይዘው ይሠራሉ። ለማለፍ 75 ነጥብ ያስፈልጋል። 75 ማለት ግን ከመቶ ሰባ አምስት ጥያቄ መመለስ ማለት አይደለም፤ የተመዘነ ነጥብ ነው። ያለፈ ሰው ወረቀቱ ላይ «አልፏል» ብቻ ይጻፍለታል። 99 ያመጣና 75 ያመጣ ሰው ወረቀታቸው አንድ ነው። ይህን ማወቅ ጭንቀት ይቀንሳል። ሁሉንም ማወቅ አይጠበቅባችሁም።

አገር ቤት ተምሮ አሜሪካ ለመጣ የጥርስ ሐኪም ፈተናው የመንገዱ አንድ ክፍል ነው። የትምህርት ማስረጃ ይገመገማል። የተፈታኝ መለያ ቁጥር ይወጣል። ካለፉ በኋላ ብዙዎቹ በውጭ አገር ለተማሩ የጥርስ ሐኪሞች የተዘጋጀ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት የሚወስድ ትምህርት ውስጥ ይገባሉ። ከዚያም እያንዳንዱ ግዛት የራሱን የክሊኒክ ፈተናና የሕግ መስፈርት ይጠይቃል። እስከዚያው ብዙ ሰው ዴንታል አሲስታንት ሆኖ እየሠራ፣ ልጅ እያሳደገ፣ ማታ ማታ ያጠናል። ይህ ሰው ጊዜ የለውም። ስለዚህ የሚያነበው ነገር ሁሉ ድርብ ሥራ ሊሠራለት ይገባል።

ወደ ጥርሱ ልመለስ። ጊዜ ስጡት የምለው የመጀመሪያው ነገር የጥርስ መቦርቦር ነው። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ስለሚመስለው ይዘለዋል። እኔ ግን ግማሹ ባዮኬሚስትሪ እዚያ ውስጥ ተደብቋል እላለሁ።

የቡናችንን ሥርዓት አስቡ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ስኳር የገባበት ቡና፣ በጨዋታ፣ በዝግታ፣ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ። ስኳሩ አፍ ውስጥ ሲገባ ስትሬፕቶኮከስ ሚውታንስ የሚባለው ባክቴሪያ ሁለት ነገር ያደርግበታል። አንደኛ፣ ግሉኮሲልትራንስፈሬዝ በሚባል ኢንዛይም ሱክሮስን ይሰብርና ግሉካን የሚባል ሙጫ ይሠራል። በሙጫው ጥርስ ላይ ይጣበቃል። ሁለተኛ፣ ስኳሩን በግላይኮሊሲስ ሰባብሮ ላክቲክ አሲድ ያወጣል። በደቂቃዎች ውስጥ ጥርሱ ላይ ያለው ፒኤች ከ5.5 በታች ይወርዳል። በዚህ ጊዜ የኢናሜሉ (የጥርሱ ጠንካራ የውጭ ሽፋን) ማዕድን፣ ሃይድሮክሲአፓታይት፣ መሟሟት ይጀምራል። ከዚያ ምራቅ በባይካርቦኔቱ አሲዱን ያረክሰዋል። ፒኤቹ ወደ ቦታው እስኪመለስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ይህ መውረድና መመለስ በሥዕል ሲሠራ ስቴፋን ከርቭ ይባላል።

አሁን ወደ ረከቦቱ እንመለስ። የአቦሉ አሲድ ገና ሳይረክስ ቶና ይቀዳል። ቶናው ሳይረክስ በረካ ይከተላል። ጥርሱ ማዕድኑን መልሶ የሚያገኝበት ፋታ የለውም። «ታካሚዋ በቀን የምትወስደው ስኳር ብዙ አይደለም፤ ጥርሷ ግን ተቦርብሯል፤ ለምን?» የሚል ጥያቄ ቢመጣ መልሱ እዚህ አለ። ከመጠኑ ይልቅ ድግግሞሹ ይጎዳል። ይህን አንዴ በቡና ከገባችሁ ከርቩን አትረሱትም።

ከዚሁ ክር ሌላ ብዙ ነገር መምዘዝ ይቻላል። ፍሎራይድ ለምን ይረዳል? ማዕድኑን ወደ ፍሎራፓታይት ይለውጠዋል፤ ይህኛው የሚሟሟው ፒኤች ወደ 4.5 ሲወርድ ነው። በተጨማሪም የባክቴሪያውን ኢኖሌዝ ያግዳል፤ ኢኖሌዝ የግላይኮሊሲስ አንዱ ደረጃ ነው። ድዳቸው የሸሸ አዛውንቶች ሥሩ ላይ ለምን ይቦረቦርባቸዋል? የተጋለጠው ዴንቲን (ከውጭ ሽፋኑ ሥር ያለው የጥርስ ክፍል) ማዕድኑ ስለሚያንስ ከኢናሜል ቀድሞ፣ ከ6 በላይ ባለ ፒኤች መሟሟት ይጀምራል። አፍ የሚያደርቅ መድኃኒት ለምን ጥርስ ያበላሻል? ባይካርቦኔቱን የሚያመጣው ምራቅ ስለሚጎድል። ሦስቱም ከአንድ ሥዕል ይወጣሉ።

ፍሎራይድን ካነሳሁ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። እኛ ይህን ርዕስ ከመጽሐፍ በፊት በዓይናችን አይተነዋል። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ በወንጂ፣ በመተሐራ፣ በዝዋይ ዙሪያ፣ ጥርሳቸው ቡናማ የሆነ ሰዎችን የማያውቅ ማን አለ? በልጅነታችን «ውሃው ነው» ይባል ነበር። ልክ ነው፣ ውሃው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። አሜሪካ የቧንቧ ውሃ ላይ የምትመክረው 0.7 ነው። በስምጥ ሸለቆ ከ10 በላይ የተለካባቸው ጉድጓዶች አሉ።

ፈተናው ላይ ይህ የጥርስ ዕድገት ጥያቄ ሆኖ ይመጣል። ኢናሜልን የሚሠራው አሜሎብላስት የሚባል ሴል ነው። መጀመሪያ ፕሮቲኑን ይዘረጋል። ቀጥሎ ፕሮቲኑን እያነሳ ማዕድኑን ያጠነክራል። ፍሎራይድ ሲበዛ ይህ የሁለተኛው ደረጃ ሥራ ይስተጓጎላል። ፕሮቲኑ በጊዜው አይነሳም። ኢናሜሉ ከገጹ ሥር ቀዳዳ የበዛበት ይሆናል። ቡናማው ቀለም በኋላ፣ ጥርሱ ከበቀለ በኋላ፣ ከውጭ የሚገባ ነው። ስለዚህ ካደገ በኋላ ወደ አካባቢው የመጣ ሰው ጥርሱ እንዲህ አይሆንም፤ አሜሎብላስቶቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሄደዋል። ቴትራሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ የሚያመጣው ቀለምም ከ8 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን የሚያሰጋው ጥርሱ ገና በሚሠራበት ዕድሜ ስለሆነ ነው። የዚያኛው መንገድ ግን ሌላ ነው፤ ቴትራሳይክሊን ካልሲየም ላይ ተጣብቆ አብሮ ይቀመጣል።

አናቶሚ ላይ ሰው የሚፈራው የራስ ነርቮችን ነው። አሥራ ሁለቱን በተርታ ከመሸምደድ ምላስን ብቻ ይዛችሁ ጀምሩ። የምላስ የፊት ሁለት ሦስተኛ የሚዳስሰው በአምስተኛው ነርቭ ቅርንጫፍ፣ በሊንጓል ነርቭ ነው። ጣዕሙ ግን ከሰባተኛው ነርቭ፣ ኮርዳ ቲምፓኒ ከሚባል ክር ይመጣል። የኋላው አንድ ሦስተኛ ለዳሰሳም ለጣዕምም ዘጠነኛውን ይጠቀማል። የሚያንቀሳቅሰው አሥራ ሁለተኛው ነው። ለምን እንዲህ ተዘበራረቀ? ምላስ በፅንስ ጊዜ ከተለያዩ ቦታዎች መጥቶ የተገጣጠመ ስለሆነ። የፊቱ ከመጀመሪያው የጉሮሮ ቅስት፣ የኋላው በዋናነት ከሦስተኛው። ጡንቻው ደግሞ ከራስ ቅል ሥር ከኋላ ተጉዞ መጣ፤ ነርቩንም አስከትሎ።

አሁን ታካሚ እናምጣ። የ24 ዓመት ወጣት የታችኛውን የአእምሮ ጥርስ አስነቅሏል። ከሳምንት በኋላ በዚያ በኩል ያለው የምላሱ ግማሽ ደንዝዟል፤ ጣዕምም የለውም። የተጎዳው አንድ ነርቭ ነው ወይስ ሁለት? አንድ ነው፣ ሊንጓል። ኮርዳ ቲምፓኒ ከመንጋጋው በስተላይ መጥቶ ሊንጓልን ተቀላቅሎ ስለሚሄድ ሁለቱም አብረው ይጎዳሉ። ሌላ ታካሚ ደግሞ፣ ለታችኛው መንጋጋ መርፌ ከተወጋ በኋላ ዓይኑን መክደን አቃተው፣ አፉም ወደ አንድ ጎን ተጣመመ። መርፌው በጣም ወደ ኋላ ሄዶ የምራቅ ዕጢው ፓሮቲድ ውስጥ ገብቷል። ሰባተኛው ነርቭ በዚያ ያልፋል። ማደንዘዣው ሲለቅ ይመለሳል። እስከዚያው ዓይኑ እንዳይደርቅ ይሸፈንለታል፤ ታካሚውንም ማረጋጋት ነው።

አገር ቤት የተማርን ሰዎች ልዩ ጥንቃቄ የሚያስፈልገን አንድ ቦታ አለ። ሩማቲክ የልብ በሽታ። በአገራችን በጣም ብዙ አይተናል። ስለዚህ ታካሚው «ሩማቲክ ልብ አለብኝ» ሲል እጃችን ከመንቀል በፊት ወደ አሞክሲሲሊን ይሄዳል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ግን የቫልቭ ኢንፌክሽንን ለመከላከል ከጥርስ ሥራ በፊት አንቲባዮቲክ ስለመስጠት ያወጣውን መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2007 አጥብቦታል። በ2021ም አልሰፋም። ቀድሞ መድኃኒት የሚሰጣቸው ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያላቸው፣ ከዚህ በፊት የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን የያዛቸው፣ የተወሰኑ ከውልደት የመጡ የልብ ችግሮች ያሉባቸው፣ ልብ ተተክሎላቸው ቫልቩ የታመመባቸው ናቸው። ሩማቲክ በሽታ ብቻውን ዝርዝሩ ውስጥ የለም። በአገራችን ልማድ ከመለሳችሁ ነጥቡ ይሄዳል።

ለአዋቂ መጠኑ 2 ግራም አሞክሲሲሊን ነው፤ ከሥራው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት። ፔኒሲሊን የማይስማማው ከሆነ አዚትሮማይሲን ወይም ዶክሲሳይክሊን አለ። ክሊንዳማይሲን በ2021 ከዝርዝሩ ወጥቷል፤ የድሮ ኖት ላይ ግን አሁንም አለ። በዚህም ሥር ሁለት ባክቴሪያዎችን ለዩ። ሩማቲክ ትኩሳትን የሚያስነሳው የጉሮሮው ስትሬፕቶኮከስ ፓዮጂነስ ነው። ቫልቩን የሚጎዳው ራሱ ሄዶ ተቀምጦ አይደለም፤ ሰውነት እሱን ለመምታት የሠራው መከላከያ የልብን ሥጋ ስለሚመታ ነው። ከአፍ ወደ ደም ገብተው ቫልቭ ላይ የሚሰፍሩት ግን ቪሪዳንስ ስትሬፕቶኮካይ ናቸው። አንድ የቤተሰብ ስም፣ ሁለት ፍጹም የተለያየ መንገድ።

ስታትስቲክስ፣ የጥናት ዘዴ፣ ሥነ ምግባርና የታካሚ ባሕርይ ላይ ብዙ አልቆይም። ግን አትናቋቸው። ተደምረው ከፈተናው አንድ አምስተኛ ያህል ይይዛሉ። የሚነበበው ግን ከፓቶሎጂ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ሴንሲቲቪቲን (ምርመራው በሽተኞችን የሚለይበትን መጠን) እና ስፔሲፊሲቲን (ጤነኞችን የሚለይበትን) በአራት ሳጥን ሠርቶ ማስላት የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው።

ስለ አጠናኑ የማምንበትን ልናገር። ኖት ደጋግሞ ማንበብ ያወቅን ያስመስለናል። መጽሐፉን ከድኖ ባዶ ወረቀት ላይ መጻፍ ግን እውነቱን ይነግረናል። ከሦስት ቀን በኋላ ያንኑ እንደገና መጻፍ፣ ከዚያ ከሳምንት በኋላ። ጥያቄ መሥራትንም «አንብቤ ስጨርስ» ብላችሁ አታቆዩት፤ ንባብ አያልቅም። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሩ። የሳታችሁትን ጥያቄ ለምን እንደሳታችሁ በአማርኛ ጻፉት። በእንግሊዝኛ የሸመደድነውን በአፍ መፍቻ ቋንቋችን ማስረዳት ካቃተን አልገባንም ማለት ነው። ከዚያ ደግሞ ሰዓት ይዛችሁ በእንግሊዝኛ ሥሩ፤ 63 ሰከንድ ለማንበብም ጭምር ነው።

አሲስታንት ሆናችሁ የምትሠሩ ደግሞ ትልቅ ዕድል አላችሁ። በቀን ብዙ ታካሚ ታያላችሁ። ማታ አንዱን ብቻ አስታውሱ። ስሙን ሳይሆን ዕድሜውን፣ ያመጣውን ቅሬታ፣ በሽታውንና መድኃኒቱን፣ አፉ ውስጥ የታየውን። ፈተናው ላይ የሚመጣው የታካሚ ሳጥን የሚይዘው ይህንኑ ነው። አንድ እኔ ልስጣችሁ።

የ58 ዓመት ሴት ናት። «ድዴ አብጦ ጥርሴን ሊውጠው ነው፤ ስፍቀው ይደማል» ትላለች። ስኳርና ደም ግፊት አለባት። ሜትፎርሚን፣ ግሊቤንክላማይድና አምሎዲፒን ትወስዳለች። ሄሞግሎቢን ኤዋንሲዋ 9.2 ነው። ድዷ ከጥርሱ የተለየበት ጥልቀት 6 ሚሊሜትር ደርሷል።

ድዷን ያሳበጠው የትኛው መድኃኒት ነው? አምሎዲፒን፤ የካልሲየም በር የሚዘጉ መድኃኒቶች፣ ፌኒቶይንና ሳይክሎስፖሪን እዚህ አብረው ይታሰባሉ። 9.2 ምን ይናገራል? ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት ስኳሯን፤ ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ያህል ይኖራል፣ ስኳሩም በዚያ ዕድሜው ሁሉ ይጣበቅበታል። ስኳር ለምን ድድን ይጎዳል? ባክቴሪያን የሚዋጉት ነጭ የደም ሴሎቿ፣ ኒውትሮፊሎቿ፣ ይደክማሉ፣ ጥቃቅን የደም ሥሮቿም ይወፍራሉ።

የመጨረሻውን እናንተ ሥሩት። ዐቢይ ጾም ነው። ጠዋት ኪኒኖቿን ውጣ፣ እህል ሳትቀምስ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ መጣች። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች ላብ አጠመቃት፤ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ልቧ ይመታል። ከሦስቱ መድኃኒቶች ይህን ያመጣው የቱ ነው? የቆሽቷን ቤታ ሴል (ኢንሱሊን የሚያመነጨውን) እና የፖታሲየም በሩን ሣሉና መልሱን ከሥሩ ጻፉ። መጀመሪያ ግን ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ስጧት፤ ነቅታለች፣ መዋጥም ትችላለች።